በጓሮዬ የተቀበረው የምርጫ ወረቀት

የበደለኝ የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የበደለኝም ያለፈው ምርጫ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ሐሙስ ጠዋት በአጥሬ ላይ ተንጠራርቶ ፎቶ አነሳኝ፤ ቅዳሜ፣ ገበያ በወጣሁበት ሰዓት፣ ፎቶውን ለዓለም አሳየ። ስሙን አልጽፍም። ሆሳዕና ውስጥ ሰውን ለማሳወቅ ስም አያስፈልግም፤ የአጥሩን ቀለም ብቻ ብናገር ግማሹ ከተማ ያውቀዋል። ስለዚህ የአጥሩንም ቀለም አልናገርም።

ከዚያ በፊትም በመካከላችን የቆየ ነገር ነበር። ባሌ በሞተ በዓመቱ ይህ ሰው ሽማግሌ ላከብኝ። የሟች ወንድም ሚስት ከቤተሰቡ አትወጣም በሚለው በድሮው ልማድ ሊወርሰኝ ፈልጎ ነው። የራሱ ሚስት አለችው፤ ጨዋ ሴት ናት፣ ቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ ነው የምንቀመጠው። ሽማግሌዎቹን አብልቼ አጠጥቼ፣ “ልብሱን የሚያጥብለት ሰው ከፈለገ ሠራተኛ ይቅጠር” ብዬ ሸኘኋቸው። መልሱ ሳይጨመር ሳይቀነስ ደረሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያገኘኝ “እትዬ” ይለኛል፤ አባባሉ ግን ስድብ ነው።

እኔ በዞኑ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ለምርጫው አስፈጻሚ ሲፈለግ አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ። የተመደብኩት በሰፈራችን ምርጫ ጣቢያ፣ የመራጩን ጣት ቀለም በሚቀባው ሰው ቦታ ነው። ሥራው ትንሽ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ብልቃጥ ቀለም። ያን ወንበር ምን ያህል እንደወደድኩት ያኔ ለማንም አልተናገርኩም። በእድራችን ስብሰባ መበለት የምትቀመጠው በር አጠገብ፣ ነፋስ በሚገባበት በኩል ነው። የእድሩ ሰብሳቢ ደግሞ የባሌ ወንድም ነው። በምርጫው ቀን ግን እኔ ተቀምጬ፣ እሱ በሰልፍ ቆሞ ተራውን ጠብቆ፣ ጣቱን ይሰጠኛል። ይህን እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ሥልጠና ሰጡን። አሠልጣኟ ከአዲስ አበባ የመጣች ቀጭን ሴት ነች፤ ስትናገር አትቸኩልም። ምርጫን ለማበላሸት የሚፈልግ ሰው የግድ ኮሮጆ መስረቅ እንደማያስፈልገው ነገረችን። ሩቅ አገር ቁጭ ብሎ፣ በእኛ ቋንቋ ገጽ ከፍቶ፣ የከተማችንን ፎቶ ለጥፎ፣ ሰዉ እርስ በርሱ እንዳይተማመን ካደረገ ይበቃዋል አለች። ሕዝቡ ድምፅ ለመስጠት ካልወጣ ወይም ውጤቱን ካላመነ ኮሮጆው ቢደርስም ባይደርስም ያው ነው። የአንድን ገጽ መረጃ ከፍተን፣ የሚያስተዳድሩት ሰዎች ከየት አገር እንደሆኑ የሚጽፍበትን ቦታ በየስልካችን አሳየችን። በስልክ የሚመጣ የሚስጥር ቁጥር ለማንም አትስጡ ስትል የባሌ ወንድም ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት የመራጭ ምዝገባ ማረጋገጫ ነው ላሉት ለማያውቃቸው ሰዎች ቁጥሩን ሰጥቷቸው፣ አካውንቱን ነጥቀው በእሱ ስም ማናችንም በማናውቀው ቋንቋ የእድሩን ግሩፕ ሲሰብኩት ሰንብተው ነበር። አንዳንድ አባላት “አሜን” እያሉ መልሰዋል። በመጨረሻ አሠልጣኟ አንድ ደንብ ጠቀሰች፤ አስፈጻሚ የሆነ ሰው ምርጫው እስኪያልቅ ስለ ፖለቲካ በማኅበራዊ ሚዲያ ምንም አይጽፍም። ይህን ደንብ አንባቢ ያስታውስልኝ፤ በኋላ ይጠቅመኛል።

ያን ሰሞን የበልጉ ዝናብ በርትቶ፣ የተፋቀው እንሰት ተቀብሮ የሚቦካበት የቆጮ ጉድጓዴ ውሃ ገባበት። ቆጮ ውሃ ከገባበት ይበላሻል። ስለዚህ በጓሮዬ ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ አቮካዶው ሥር፣ አዲስ ጉድጓድ አስቆፍሬ፣ ኮባ አንጥፌ፣ ቆጮውን በኮባ እየጠቀለልኩ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛወርኩ። ከላይ በኮባ ሸፍኜ ድንጋይ ጫንኩበት። እንደዚያ ተዘግቶ ብዙ ጊዜ ይቀመጣል፤ ያለጊዜው ተከፍቶ አየር ከገባበት ይጠቁራል። ይህን እኛ አካባቢ ማንኛዋም ሴት ታውቃለች። ወንዶቹ አያውቁም። እንሰት ሲፋቅ ወንድ በዚያ በኩል ማለፍ ነውር ስለሆነ፣ ጓሮው የሴት ነው፤ ወንድ የሚያየው ቂጣው ገበታ ላይ ሲቀርብ ነው።

የባሌ ወንድም በአጥሬ ላይ ተንጠራርቶ ያየውም ይህንን ነው፤ አንዲት የምርጫ አስፈጻሚ ጎንበስ ብላ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ጥቅል ጉድጓድ ውስጥ ስታስቀምጥ።

በዚያው ሳምንት የአካባቢያችን ድምፅ ነኝ የሚል አንድ ገጽ፣ በደቡብ ከተሞች አስፈጻሚዎች ምልክት የተደረገበት የምርጫ ወረቀት በየግቢያቸው እየቀበሩ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። የገጹን መረጃ ከፍቼ አየሁ። የሚያስተዳድሩት ሰዎች ያሉት ስሙን በዜና ብቻ የሰማሁት አገር ነው። ያንኑ ጽሑፍ የከተማ ስም እየቀያየሩ ብዙ ቦታ ለጥፈውታል። ስለ እኔ አያውቁም፤ ስለ ሰፈሬም አያውቁም። የባሌ ወንድም ግን ከሥር “እኛም ጋ አለ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው” ብሎ ፎቶዬን አስቀመጠላቸው። የቀበሌውን ስም ጨመረበት። በማግስቱ ፎቶዬ በገጹ ላይ ትልቅ ሆኖ ወጣ፤ ጥቅሎቹ በቀይ ተከበዋል። ውሸቱን የሠራው የማላውቀው ሰው ነው። አድራሻዬን የሰጠው ግን በሠርጌ ቀን በሚዜነት ከጎኔ የቆመ ሰው ነው።

መጀመሪያ የደወለችልኝ ከጎኔ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት። የወልቂጤ ሙስሊም ናት፤ ቆጮ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

“እህቴ፣ ምርጫ ቀብረሻል አሉ።”

“ቀብሬያለሁ።”

“ሲደርስ ትንሽ ቆንጥረሽ ላኪልኝ። ከክትፎ ጋር ነው የምፈልገው።”

ሴቶቹ ሁሉ እንደዚያ ሳቁ። ችግሩ፣ ስልኩና ግሩፑ ያለው በወንዶቹ እጅ ነው። በእድሩ ግሩፕ ውስጥ ያለነው ሴቶች ባሎቻችን የሞቱብን ብቻ ነን። ወንዶቹ ፎቶውን አይተው አመኑ። የእህቴ ባል ከዱራሜ ደውሎ “ስንት ሰው ሆናችሁ ነው የቀበራችሁት?” አለኝ። ጊምቢቹ ያለ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጠበቃ ላፈላልግልሽ አለ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁልጊዜ እጄን የሚጨብጡኝ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ከዚያ የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ አስጠራኝ። ትሑት ሰው ነው፤ ከመናገሩ በፊት ወንበር አቀረበልኝ። ወንበር ሲያቀርብልኝ ወንበሬን ሊወስድብኝ እንደሆነ ገባኝ።

“እኔ እርስዎን አምናለሁ” አለ።

“ወረቀቱ ገና ከአዲስ አበባ አልመጣም። ያልመጣ ወረቀት እንዴት ይቀበራል?”

“እሱን እኔና እርስዎ እናውቃለን። ገጹንም ለበላይ አመልክተናል፣ እስኪያወርዱት ጊዜ ይወስዳል። ሰው ግን ‘ያቺ ሴትዮ ካለች ድምፄን አልሰጥም’ እያለ ነው። ትናንት የሰፈሩ ፖሊስ፣ አሥር አለቃው፣ ራሱ መጥቶ ጠየቀኝ።”

“ስለዚህ?”

“እስከ ሰኞ ካልጠራ በቦታዎ ሌላ ሰው እንመድባለን። አይቀየሙኝ።”

ተቀየምኩት። ግን አልነገርኩትም። ያልኩት ሌላ ነው።

“ይቆፈር።”

“ምን?”

“ጉድጓዱ። እሁድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ። ሽማግሌም፣ ፖሊስም፣ የፓርቲ ታዛቢዎችም ይምጡ። የሚቆፍረው ግን አይቻለሁ ያለው ሰው ነው።”

ቆጮ መሆኑን ያኔውኑ ልነግረው እችል ነበር። እጄን ከጫፉ አስገብቼ አንድ ጭብጥ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥም እችል ነበር፤ ጉድጓዱም ባልተበላሸ። ብናገር ግን የሚፎካከሩት የእኔ ቃልና የእሱ ፎቶ ናቸው፤ በግሩፑ ውስጥ ደግሞ የትኛው እንደሚያሸንፍ አይቻለሁ። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን አንባቢ ይገምተው።

እሁድ ግቢዬ ሞላ። የባሌ ወንድም የመጣው በጥቁር ሱፍ ነው፤ ጫማው ተወልውሏል። ስልኩን ከፊቱ ይዞ በቀጥታ ያስተላልፋል። “ውድ ተከታታዮቻችን፣ አሁን ቦታው ላይ ደርሰናል” እያለ በበሬ ገባ። ለእኔ ሰላምታ አልሰጠኝም። ዶማውን አቀበልኩት።

“እኔ ልቆፍር?” አለ።

“ያየኸው አንተ ነህ።”

“ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው? ሱፍ ለብሻለሁ እኮ።”

ከመጡት ሽማግሌዎች ትልቁ፣ በከዘራቸው ተደግፈው፣ “እውነቷን ነው” አሉ። “ምስክር አንተ ነህ። እኛ ምኑን እናውቀዋለን?”

ስልኩን ፖሊሱ እንዲይዝለት ጠየቀ፤ ፖሊሱ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ እምቢ አለ። በመጨረሻ ስልኩን አቮካዶው ግንድ ላይ አስደግፎ ኮቱን አወለቀ። ሴቶቹ በአጥሩ ዙሪያ ቆመዋል። ጎረቤቴ ሱቋን ዘግታ መጥታለች፤ ለኢድ ካልሆነ የማትዘጋው ሱቅ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ ከውጭ የሚጽፉትን ያነባል።

“አንዱ ‘ከሥር ነው ያለው፣ ወደ ታች ቆፍሩ’ ይላል።”

“እሱ የት ሆኖ ነው በእህቴ ጓሮ የሚያዘው?” አለች ጎረቤቴ።

ድንጋዮቹን አነሳ። የመጀመሪያውን ኮባ ገለጠ፤ ሁለተኛውን ገለጠ። ያኔ ሽታው ወጣ። ቡካቱ ገና መኻል ላይ ያለ ቆጮ ሲከፈት እንዴት እንደሚሸት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ፖሊሱ ከሰሜን የተዛወረ ልጅ እግር ነው፤ ወደ ኋላ ሄደና አፍንጫውን ይዞ ኃላፊውን ቀስ ብሎ ጠየቀው።

“ሬሳ ነው እንዴ?”

“ምሳህ ነው” አለችው አንዷ ከአጥሩ።

የባሌ ወንድም ግን ወደ ኋላ አላለም። ጎንበስ ብሎ አየ። ነጭ፣ እርጥብ፣ ክር ክር የሚል ነገር ነው። እጁን አስገብቶ አንድ ጭብጥ አወጣና ወደ ስልኩ ዘረጋው። ፊቱ በራ።

“ይኸው” አለ። “ወረቀቱን በውሃ ዘፍዝፈው አላቁጠውታል። ማስረጃ ለማጥፋት ነው። አያችሁ፣ ተጨፍልቆ።”

ከዚያ ሴቶቹ ሳቁ። አጥሩ በሳቅ ሲወዛወዝ አይቻለሁ። ትልቁ ሽማግሌ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ጠየቁት።

“ልጄ፣ ቆጮ በልተህ ታውቃለህ?”

“በየቀኑ እበላለሁ፣ አባባ። ምን ያገናኘዋል?”

“ከየት የሚመጣ ይመስልሃል?”

እጁ ላይ ያለውን ተመለከተ። ሌላው ሽማግሌ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ማንም ሳይሰማ፣ ሁልጊዜ እንደዚህ ነጭ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነው አልኳቸው። እሳቸውን በዚህ አላማኋቸውም፤ ቢያንስ ሳያውቁ ፎቶ አላነሱም።

በዚህ መሃል ሚስቱ በበሬ ገባች። ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀች፤ ከእጁ ላይ ያለውን ተቀበለችው። በመዳፏ ጨምቃ ውሃውን አወጣች፣ ፈረካከሰችው፣ ወደ ስልኩ አሳየችው።

“ቆጮ ነው” አለች። “ውጭ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ የዚህ ሰው ሚስት ነኝ። ትናንት ማታ የበላው ይኸው ነው። ጨምሩልኝ ብሏል።”

ኃላፊው ወደ ስልኩ አየና “እየወጡ ነው” አለ። “‘ከሥር ቆፍሩ’ ያለውም ወጣ።”

እዚያው አቮካዶው ሥር ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። ምክክሩ አልረዘመም። የከፈተ ይዝጋ አሉ። ቆጮው ሳይጠቁር መረገጥ አለበት፤ መርገጥ ደግሞ በእግር ነው። የባሌ ወንድም ወደ ፖሊሱ አየ። ፖሊሱ ወደ ሌላ አየ።

“የሴት ሥራ ነው እኮ” አለ በመጨረሻ።

“መቆፈሩስ የማን ሥራ ነበር?” አለችው ሚስቱ። “ጫማህን አውልቅ። ካልሲህንም።”

ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ገባ። ሴቶቹ ከአጥሩ ሆነው ያዝዙታል፤ ወደ ዳር፣ ተረከዝህን ተጠቀም፣ አትዝለል፣ አትጨፍርበት፣ እርገጥ። እኔ አዲስ ኮባ ቆርጬ አቀበልኩት። አንዲትም ቃል አልተናገርኩትም። የእሱ ስልክ ግንዱ ላይ ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሲያስተላልፍ ነበር፤ የሚያጠፋው ሰው አልነበረም። የጣቢያው ኃላፊ ሲወጣ በሬ ላይ ቆሞ፣ “በወንበርዎ እጠብቅዎታለሁ” አለኝ። ፖሊሱ ሰምቷል፤ ታዛቢዎቹም ሰምተዋል። እንዲሰሙ ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ በዚህ ብቻ ቅያሜዬን ቀነስኩለት።

እድሩ ይቅርታ አልጠየቀኝም። በግሩፑ ላይ አንድ የቀብር ማስታወቂያ ወጣ፣ ከዚያ የወርሃዊ ስብሰባ ጥሪ ወጣ፤ ነገሩ በዚያው ተሸፈነ። እኚያ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እንደ ድሮው ጨበጡኝ። ጨበጥኳቸው። ግን ለጊዜው ነው።

ገጹ ግን አላረፈም። ሩቅ አገር ያሉት ሰዎች የባሌን ወንድም ቀጥታ ስርጭት ይዘው ቀርተዋል። ድምፁን አጥፍተው ሌላ ሙዚቃ አስገቡበት፤ ሱሪውን ጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ የሚረግጠውን ብቻ ቆርጠው ለጠፉት። ከላዩ “እውነትን ያጋለጠ ዜጋ በጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ሲሰቃይ” ብለው ጻፉበት። ፖሊሱን በቀይ ከበቡት። ቪዲዮው ከፎቶዬ ይልቅ ሩቅ ተጓዘ። ከአዲስ አበባ ዘመዶቹ እያለቀሱ ደወሉለት። መናኸሪያ ሲወርድ ደላሎቹ አቅፈው “አይዞህ ጋሼ” ይሉታል። አንድ ቀን ወጣቶች ቤቱ ድረስ መጥተው ስለ ስቃዩ ቃለ መጠይቅ ጠየቁት። የዞኑ ሰዎች ደግሞ በተራቸው አስጠሩት፤ ምን ፈልገህ ነው ብለው።

ያኔ ወደ እኔ መጣ። በር ላይ ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

“እትዬ” አለ። በዚህኛው ጊዜ ስድብ አልነበረበትም። “አንድ ነገር ልለምንዎት።”

“ለምነኝ።”

“ፌስቡክ ላይ ቆጮ እንደሆነ ይጻፉልኝ። ማንም እንዳላሰቃየኝ። እርስዎ ከጻፉ ሰው ያምናል፤ ጉድጓዱ የእርስዎ ነው።”

“ለማን ብለህ?”

“ለስሜ። ሰው ሁሉ ሳይጠይቀኝ ሌላ ታሪክ እያወራልኝ ነው። የምለውን የሚሰማኝ የለም።”

“ይገባኛል” አልኩት። እውነትም ገብቶኛል። “ግን አስፈጻሚ ነኝ። ምርጫው እስኪያልቅ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዳልጽፍ ደንብ አለ።”

“ስለ ቆጮ እንኳ?”

“ይሄ ቆጮ ፖለቲካ ውስጥ ገብቷል። ያስገባኸው አንተ ነህ።”

ባርኔጣውን እያዞረ ቆየ። ከዚያ፣ “ምርጫው ካለፈ በኋላስ?” አለ።

“ካለፈ በኋላ ማን ያነበዋል?” አልኩትና በሩን ዘጋሁ።

በምርጫው ቀን ቀድሜ ሄጄ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰልፉ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞሮ ነበር፤ ከሌሞ ገጠር በጋሪ የመጡም ነበሩበት። የባሌ ወንድም ከሰልፉ መሃል ሆኖ፣ ሊያቅፈው የፈለገን ሰው ሁሉ እየገፋ፣ ረጅም ሰዓት ቆመ። ተራው ሲደርስ እጁን ዘረጋ። ጣቱን ያዝኩ። ቀለሙን ደንቡ ከሚለው ትንሽ ከፍ አድርጌ ቀባሁት። “ቀጣይ” አልኩ።

በመስከረም፣ ለአዲስ ዓመታችን ለያሆዴ፣ ያንን ጉድጓድ ከፈትኩ። ከላይ የነበረው ጠቁሯል፤ ከሥር ያለው ደህና ነበር። ለበዓል ከሟች ቤት ለወንድሙ ድርሻ መላክ ልማድ ነው። ሁለት ቂጣ ጋግሬ ላክሁ፤ ደህናውን ለሚስቱ፣ የጠቆረውን ለእሱ። የቱ የማን እንደሆነ ለእሷ ነግሬያታለሁ።